ባለ 60 ገጹ ሪፖርትና ባለ አንድ ገጹ

በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የውስጥ ኦዲተር ሆኜ ስጀምር የመጀመሪያው ዓመት ሪፖርቴ 60 ገጽ ወጣው። ኮርቼበት ነበር። የፋይናንስ አስተዳደር አዋጁ፣ ቁጥር 648/2001፣ በአንቀጽ በአንቀጽ ተጠቅሷል። ሰንጠረዥ አለው፣ አባሪ አለው። ፖስታ ውስጥ አሽጌ ለበላይ ኃላፊው ቢሮ አስገባሁ። በዓመቱ ለክትትል ፈልጌው ስሄድ ጸሐፊዋ ከመሳቢያ ጎትታ አወጣችልኝ። ፖስታው አልተከፈተም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቤቴ ገብቼ ቅጂውን እንደ አዲስ ሳነበው ግን እኔም አምስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፌ መጣ።

ብዙም ሳይቆይ የዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። እነሱ እንደኔ የቤት ልጅ አይደሉም። መሥሪያ ቤታቸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 የቆመ ነው፣ ሪፖርታቸውም የሚቀርበው ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። ኦዲቱ ሲያልቅ በተደረገው የመውጫ ስብሰባ ላይ ያነበቡልን ግኝት ግን ከኔው ጋር አንድ ነበር። ያልተወራረደ ተሰብሳቢ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ከመዝገብ ጋር ያልታረቀ ንብረት። ያለፈው ዓመት ሪፖርታቸውም ላይ ያው ነው። የቀድሞው ዋና ኦዲተር አቶ ገመቹ ዱቢሶ ምክር ቤት ፊት እየቀረቡ እርምጃ አይወሰድም ብለው በተደጋጋሚ ያማረሩት ወደው አልነበረም። ግኝት ማግኘት አላቃተንም። ግኝቱ ታርሞ እንዲዘጋ ማድረግ ነው ያቃተን።

ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያዝኩ፤ ተሰብሳቢን።

ለማያውቀው፣ ሠራተኛ ለመስክ ሲወጣ ወይም ጥቃቅን ዕቃ ሲገዛ ቅድሚያ ገንዘብ ይወስዳል። ሲመለስ ደረሰኙን አምጥቶ፣ የተረፈውን መልሶ ያወራርዳል። እስኪያወራርድ ድረስ ገንዘቡ በስሙ ይቆያል። መመሪያው የሚያወራው ስለ ቀናት ነው። እኛ ዘንድ የሚቆጠረው በዓመታት ነበር።

ዝርዝሩን ከአይቤክስ፣ ከመንግሥት የሒሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር፣ አወጣሁና አንድ ገጽ ላይ አራት ዓምድ ሠራሁ። ስም፣ የብር መጠን፣ የተወሰደበት ቀን፣ ስንት ቀን እንደሆነው። አንቀጽ የለም፣ አባሪ የለም። ከትልቁ ወደ ትንሹ ስደረድረው ሦስተኛው መስመር ላይ የበላይ ኃላፊው ስም ቁጭ አለ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ደመወዜን የሚፈርመው እሱ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ሊማ ላይ የወጣው የኦዲት መርሆዎች መግለጫ እንኳ የውስጥ ኦዲተር ከተቋሙ ኃላፊ በታች መሆኑ እንደማይቀር አምኖ፣ በተቻለ መጠን ግን በሥራው ነፃ ይሁን ይላል። «በተቻለ መጠን» የምትለዋ እኔ ጋ ስትደርስ ምን ያህል እንደሆነች የሚነግረኝ አልነበረም።

ስሙን ከዝርዝሩ መሰረዝ አልፈለግኩም። ስብሰባ ላይ ድንገት ማፍረጡንም አልወደድኩትም። በማግስቱ ጠዋት ገባሁና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት።

«ነገ ማኔጅመንት ላይ የማቀርበው ይህን ነው። የእርስዎም ስም ስላለ አስቀድመው ይዩት ብዬ ነው።»

መነጽሩን አደረገ። ቆየ።

«ይሄ የድሬዳዋው ነው?»

«አዎ፣ የድሬዳዋው።»

«ደረሰኙ እኮ አለ።»

«ካለ ዛሬ ይወራረድ። ነገ ስምዎ አይኖርም።»

ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ቡናማ ፖስታ ይዞ ሒሳብ ክፍል ገባ። የሆቴል ደረሰኝ፣ የነዳጅ ደረሰኝ፣ የተረፈ ብር። በማግስቱ ስብሰባውን ሲከፍት «የኔም ስም ነበረበት፣ ትናንት ጨርሻለሁ። እናንተስ?» አለ። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሒሳብ ክፍል በር ላይ ሰልፍ ነበር።

ያበላሸሁትንም ልናገር። በዚያው ስብሰባ ስሙን ካነበብኩት አንዱ የዕቅድ ክፍል ባለሙያ ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝ። በሦስተኛው ቀን ቢሮዬ መጣና ከሁለት ዓመት በፊት ያወራረደበትን ወረቀት ቅጂ አስቀመጠልኝ። የተቀበለው የሒሳብ ሠራተኛ ሳይመዘግበው ሥራ ለቋል። ዋናውን ፈልገን ያገኘነው ሰውዬው ትቶት በሄደው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከሌሎች ብዙ ወረቀቶች ጋር። ቆጥረን ስንጨርስ ከዝርዝሩ ሲሶ ያህሉ ዕዳ ሳይሆን ያልተመዘገበ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ቢሮው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ በሚቀጥለው ስብሰባም በሰው ፊት ደገምኩት። አሁንም ሲያየኝ ሰላምታው ቀዝቀዝ ያለ ነው። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ የማንንም ስም ከመጥራቴ በፊት መጀመሪያ የሒሳብ ሠራተኞቹን መሳቢያ ነው የማየው።

የቀረው ቀላል ነበር። የበፊቱን ያላወራረደ አዲስ ቅድሚያ አይወስድም፤ ይህ ድሮም ደንብ ነው፣ የሚያስከብረው ነበር የጠፋው። ሥራ የሚለቅ ሰው ክሊራንስ የሚያገኘው ሒሳብ ክፍል ሲፈርምለት ብቻ ነው። የሞቱና የት እንዳሉ የማይታወቁ ሰዎች ስም ግን እስካሁን ገጹ ላይ አለ። እነሱን ምን እንደማደርጋቸው የነገረኝ የለም።

ንብረቱ ከበደኝ። አንድ ሰኔ 29 ቀን መጋዘን ወረድኩ። ሞዴል 19፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ተቆርጧል፤ 24 ጎማ ገቢ ሆኗል ይላል። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ጎማ የድሮው፣ የተላጨው ነው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ጎማው የታለ?»

«መንገድ ላይ ነው ልጄ።»

«የት መንገድ ላይ?»

«እሱን ግዥ ክፍሎችን ጠይቂያቸው።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ሌብነት ነው ይላል። እኔ አብዛኛው ፍርሃት ነው ባይ ነኝ። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተጠቀሙበት ተመላሽ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ዓመትም «መች ተጠቀማችሁበት» ተብሎ ይቀነሳል ብለው ይሰጋሉ። ስለዚህ ዕቃው ሳይመጣ ሞዴል 19 ተቆርጦ ክፍያው ይወጣል። ችግሩ ፍርሃት የከፈተውን በር ሌባም ይገባበታል። ገንዘቡን የተቀበለ ነጋዴ የሚያመጣው ሲመቸው ነው፣ የሚያመጣውም የተመቸውን ነው። የኛ 24 ጎማ የመጣው መስከረም ላይ ሲሆን፣ ግማሹ ለመኪኖቻችን የማይሆን ቁጥር ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ያደረግኩት ትንሽ ነገር ነው። ሐምሌ 1 ጠዋት፣ መጋዘኑ ሲከፈት፣ በር ላይ ነበርኩ። የመጨረሻውን የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ተከታታይ ቁጥር ጻፍኩ፣ ጥራዙ ላይ ያለውን ቀጣዩን ባዶ ቅጠል አየሁ፣ ከጋሼ ጋር ተፈራረምን። ከዚያ ቀን በኋላ ቀኑን ወደ ኋላ ጽፎ መቁረጥ አይቻልም። ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ ቆጠርን። እሳቸው መሰላል ላይ፣ እኔ መሬት ላይ።

ግዥ ክፍል ዕቅዱን ሐምሌ ላይ ጀምር ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ ግን ያለ መልስ ቀርቷል። የሰኔ ሩጫ አሁንም አለ።

ዘንድሮ ሰኔ 28 ማታ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ጋሼ ደወሉ።

«ልጄ፣ 15 ኮምፒውተር ገቢ አድርግ ብለው ወረቀት አምጥተዋል። ሳጥኑን ሳላይ አልፈርምም ብያለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ኦዲተሯ አበላሸችህ አሉኝ።»

ኮምፒውተሩ እስከ ሰኔ 30 አልመጣም። ገንዘቡም ተመላሽ ሆነ። ኮምፒውተሩን የፈለገው የሥራ ክፍል ኃላፊ እስከ ዛሬ ሊፍት ውስጥ አብራኝ አትገባም።