ጥሬ አኩሪ አተርና የግልገሎቼ ቆሽት

ቢሾፍቱ ዳር አሳማ ማርባት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የኑግ ፋጉሎ አልቀመስ ሲለኝ አንድ ነጋዴ አኩሪ አተር በርካሽ አመጣልኝ። ከመቶ 35 እስከ 40 ፕሮቲን እንዳለው ስለማውቅ ሳላመነታ ጥሬውን አስፈጨሁት። ከበቆሎና ከፉርሽካ ጋር ቀላቅዬ በ35 ቀናቸው ጡት ላስጣልኳቸው 11 ግልገሎች ሰጠሁ። ከምጥኑ ሩቡ አኩሪ አተር ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ወለሉ ላይ ቢጫ ቀጭን ተቅማጥ ፈሶ አገኘሁ። ከጭራቸው ሥር ቆዳው ቀልቷል፣ ጸጉራቸው ቆሟል፤ ግን ይበላሉ። ግራ ያጋባኝም እሱ ነው። የጠራሁት ሐኪም ባክቴሪያ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ወጋቸው። ለሦስት ቀን ቀለል ካለ በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ሁለቱ ሞቱ። ሐኪሙ ምን እንዳበላኋቸው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ነገሩን የፈቱት መኖ የሚያቀርቡልኝ እናት ናቸው። ከበርሜሉ ቆንጥረው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ልጄ፣ ይሄኮ ጥሬ ነው! ሽሮስ ቢሆን ባቄላው ሳይታመስ ይፈጫል እንዴ?»

የእንስሳት እርባታ ተምሬያለሁ፤ ይህንን ከሳቸው መስማቴ አሳፈረኝ። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ትሪፕሲንን የሚያስር ፕሮቲን አለ። ትሪፕሲን ማለት ቆሽት ወደ ትንሹ አንጀት የሚያፈሰው፣ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ነው። ከታሰረ ሥራ ይፈታል። ኪሳራው ግን በዚህ አያበቃም፤ ኢንዛይሙም ሆነ አንጀቱን የሚያለሰልሰው ልጋግ ራሳቸው ከግልገሉ ሰውነት የወጡ ፕሮቲኖች ናቸው። በወጉ ቢሆን ተፈጭተው ወደ ደም ይመለሱ ነበር፤ አሁን ግን ብዙው ከሰገራው ጋር ይሄዳል። በአይጥና በጫጩት ላይ ቆሽቱ ለማካካስ ሲታገል ይተልቃል። አሳማ ላይ ግን ይህ ብዙም አይታይም፤ ስለዚህ የሞተውን ከፍቼ ባይም ምልክት አላገኝም ነበር።

ጊዜውም ክፉ ነው። ጡት በጣሉ ሰሞን የቆሽታቸው ኢንዛይም ይቀንሳል፤ እስኪያገግም ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የጨጓራቸው አሲድም ገና ደካማ ነው። ወተት ላይ ሳሉ ላክቶስ የሚባለው የወተቱ ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ እየተለወጠ ያግዛቸው ነበር፤ ያ ቀረ። እኔ ደግሞ ለካልሲየም ብዬ የኖራ ድንጋይ ዱቄት አብዝቼ፣ ያለችውንም አሲድ አከሸፍኩባቸው።

ከዚያ ወዲህ አኩሪ አተሩን ሌሊቱን ዘፍዝፌ በበርሜል እቀቅላለሁ። እዚህ ከፍታው ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ አቆየዋለሁ። አስጥቼ ካስፈጨሁት በኋላ ደግሞ እፈትነዋለሁ። አንድ ማንኪያ ዱቄት፣ ቆንጠር ያለ ዩሪያ ማዳበሪያና ጥቂት ውሃ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጠርሙስ አድርጌ 20 ደቂቃ አስቀምጣለሁ። ሲከፈት አሞኒያ አፍንጫ ከሰነፈጠ አልበሰለም። ጥሬው ውስጥ ዩሪያን የሚሰብር ኢንዛይም አለ፤ እሱ በሙቀት ሲሞት የትሪፕሲኑ ማሰሪያም አብሮ ይደክማል። (የተፈተነውን ድፉት፤ ለእንስሳ አይሰጥም።) የመጀመሪያው በርሜሌ ሸተተ፤ እሳቱ አንድ ጎን ብቻ ነበር የነደደው። ቀጥሎ ምጣድ ላይ ቆላሁትና ጠቆር አለብኝ። ሽታው ጠፋ፣ ግን ሙቀት ሲበዛ ላይሲን የሚባለው ለዕድገት የሚያስፈልግ የፕሮቲን ክፍል ይጎዳልና ግልገሎቹ እንደሚገባቸው አላደጉም።

የሚቀጥሉትን ግልገሎች ጡት ከመጣላቸው ከሳምንት በፊት፣ ገና እየጠቡ አለማመድኳቸው፤ የበሰለው አኩሪ አተር ከመቶ 10 ብቻ ሆኖ ቀስ እያለ ጨመረ። የቀረውን በአተርና በባቄላ ስባሪ ሞላሁት፤ የእነሱ ማሰሪያ ከአኩሪ አተሩ በጣም ያነሰ ነው። የላላ ሰገራ አልጠፋም፤ የሞተ ግን የለም።

ጠርሙሱን አሁን የሚያሸቱት እማማ ናቸው። የእኔን አፍንጫ አያምኑም።