ከጥዋለት ያመጣሁት ፎቶ

አባዬ ባሕር ኃይል ነበር። ስለ መርከብ ግን ብዙ አያወራም። የምጽዋ ነገር ከተነሳ ወሬው ሁሉ ስለዚያ መንገድ ነው፤ ከየብሱ ተነስቶ ባሕሩን ሰንጥቆ ጥዋለት ደሴት ስለሚገባው። ልጅ ሆኜ ማለቂያ የሌለው ነገር ይመስለኝ ነበር።

የአዲስ አበባና የአስመራ በረራ እንደገና በተከፈተ በመንፈቁ፣ ጥር 2011፣ ሄድኩ። ከአስመራ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ሹራብ ለብሼ ተነስቼ በላብ ተጠምቄ ደረስኩ።

መንገዱን በእግሬ ተሻገርኩት። ወይ ጉድ፣ ለካ አጭር ነው! ድልድይ ሲሉት ከሥሩ ውሃ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። አብዛኛው ግን ድንጋይና አፈር ባሕር ውስጥ እየሞሉ የሠሩት ነው። ያሠራው ምጽዋ በግብፅ እጅ ሳለች ያስተዳድራት የነበረው ስዊዘርላንዳዊ፣ ሙንዚንገር ነው። ሰውዬው በ1875 እ.ኤ.አ. ጦር ይዞ ሲመጣ አፋር ምድር፣ አውሳ ላይ ተገደለ። መንገዱ ግን ይኸው፣ መኪና ይተራመስበታል። ጎን ለጎን የባቡር ሐዲዱ አለ። ከጥዋለት ደግሞ ሌላ እንዲሁ ያለ መንገድ አሮጌው ከተማ ያስገባል።

ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ። ድንጋዩን ጨው በልቶታል። አውራ ጣት የምታክል ሸርጣን ከስንጥቁ ብቅ ትልና ጥላዬን ስታይ ትመለሳለች።

ጥዋለት ላይ ሦስት ታንኮች ቆመዋል። የየካቲት 1982 ውጊያ መታሰቢያ ናቸው። ሻዕቢያ ወደ ደሴቱ የገባው በዚሁ መንገድ ነው። ለእነሱ የድል ሐውልት ነው። የአባዬ ጓደኞች ደግሞ በወዲህኛው ወገን ነበሩ፤ ያልተመለሱም አሉ። ፎቶ ላንሳ አላንሳ እያልኩ ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ አነሳሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ ስልኬን ሰጠሁት። መነጽሩን ፈልጎ አጠለቀ። ታንኮቹ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ምንም አላለም። ወደ ኋላ መልሶ የጠርዙን ፎቶ በሁለት ጣቱ አሰፋው፣ አሁንም አሰፋው፣ እስኪደበዝዝ።

«ውሃው ሸሽቶ ሳለ ነው ያነሳሽው?»

«አዎ፣ እንዴት አወቅክ?»

«ድንጋዩ ወጥቷል» አለ። «ውሃው ሲሞላ እዚህ ድረስ ይመጣል። እዚች ድንጋይ ላይ ሆነን ነበር ዓሣ የምናጠምደው።»

ስልኩን ሳይመልስልኝ ቡናው ቀረበ።