የ1967ቷ ቮልስ

የምሠራበት ጋራዥ ደቡብ ካሊፎርኒያ ነው፤ ሥራችን የድሮ መኪና ማደስ ነው። ከሞተር ቀጥሎ ብዙ ጊዜያችንን የሚበላው ግን ስቲከር ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ገዢዎች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት መኪናውን ያመጡልናል፤ እኛ ደግሞ ሻጩ "ኦሪጅናል" ያለው በእርግጥ ኦሪጅናል መሆኑን አይተን እንጽፍላቸዋለን።

ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ምርመራ ያዘዙን የአገሬ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ ሳሉ ቮልስ የነዱ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ያስመጧት መኪና የ1967 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ ነበረች፦ ሞተሯ 1500 ሲሲ፣ 53 የፈረስ ጉልበት፣ ኤሌክትሪኳ ደግሞ 12 ቮልት። ለአሜሪካ ገበያ ከ6 ወደ 12 ቮልት የተዞረው በዚያ ዓመት ስለሆነ ቮልስ ወዳጆች ሞዴሉን ለይተው ይፈልጉታል።

ሻጩ ዋጋዋን የሰቀለው ግን በሞዴሏ አልነበረም። ከኋላዋ "ኤምፒ ጂቲቪ" የሚል አርማ አለ። የጎን መስኮቶቿ በስቲከር ተሞልተዋል። ሞተሯ ላይ የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም የቫልቭ ክዳኖች ተገጥመዋል። ኤምፒ በሪቨርሳይድ ከተማ ቮልስዋገን ይሸጥ የነበረው ጆ ቪቶኒ ያቋቋመው ድርጅት ነው፤ በ1960ዎቹ ለቮልስ ፍጥነት የሚጨምሩ ዕቃዎችን በመሥራት ስም ያወጣ። ጂቲቪ የሚባሉት እነዚያ ዕቃዎች በአንድ ላይ የተገጠሙላቸው ቮልሶች ናቸው፤ እውነተኛ ከተገኘች የዋጋ ነገር አይነሳ። ችግሩ አርማውም ስቲከሩም ዛሬ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። የድርጅቱ ስም ራሱ ከመሥራቹ እጅ ከወጣ ቆይቷል፤ አሁንም በዚያው ስም አዳዲስ ዕቃ ይወጣል።

እኛ አገር ታክሲ ላይ የሚለጠፈው ጥቅስ ወይም የአርሴናል አርማ ስለሆነ ስለ ሞተሩ ምንም አይናገርም። እዚህ ግን ስቲከር ገንዘብ ነበረበት። ዕቃ አምራቾች ስቲከራቸውን ለጥፎ ላሸነፈ ተወዳዳሪ ይከፍሉ ስለነበር፣ ሰው ሞተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ መኪናው ላይ ይለጥፋል። የሌለውን የሚለጥፍም ሞልቷል።

ጋሼ ግን ልባቸው ቀድሞ ሄዷል። መኪናዋን ይዞሯታል፣ ጣሪያዋን መታ መታ ያደርጋሉ፣ "ይቺ እኮ ታሪክ ናት ልጄ!" ይሉኛል።

"ትሆናለች ጋሼ። እስቲ መጀመሪያ እንያት።"

ሜክሲኳዊው የባቲላሜራ ሠራተኛችን ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ የአንዱን ስቲከር ዳር በጥፍሩ ነካ አደረገ። የዚያ ዘመን ስቲከር አብዛኛው በውሃ እየራሰ የሚለጠፍ ስስ ቀለም ነው፤ ሲያረጅ ይበልዛል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ጥፍር አይዝለትም። ይሄኛው ጥፍር ያዘለት። ሻጩን አስፈቅደን በሞቀ አየር ስናለሰልሰው እንደ ፕላስተር ሙሉውን ተላቀቀ። መስታወቱ ላይ ለዓመታት አቧራና ጨርቅ ያወጡት ጭረት አለ፤ ያ ጭረት ስቲከሩ በነበረበት ቦታ ሥር ሳይቋረጥ ያልፋል። መስታወቱ ያረጀው ስቲከሩ ሳይኖር ነው ማለት ነው። የቫልቭ ክዳኖቹን ፈትቼ ብገለብጣቸው ደግሞ በውስጥ በኩል ጽሑፍ የነበረበት ቦታ በግራይንደር ተልጓል። የተሠራበትን አገር ስም ካልሆነ በቀር ማን ምን ብሎ ይልገዋል?

ሻጩ አልተበገረም። "ክዳኑ ይቅር፤ ይሄኛው ግን መኪናዋ አዲስ ስትሸጥ የተለጠፈ ነው" ብሎ ወደ ኋላ መስኮት ወሰደን። የአንድ የሪቨርሳይድ መለዋወጫ ሱቅ ስቲከር ነው፤ የበለዘ፣ ዳር ዳሩ የተበላ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ባልደረባዬም የምንለው አጣን። ያረጀ ስቲከር ነው፤ በጥፍር የሚገለጥ ነገር የለውም።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና የስልክ ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ። መጀመሪያው፣ ማለትም የአካባቢው ኮድ፣ 909 ነው።

"ይሄ ውሸት ነው" አሉ ቀና ብለው። "እኔ ሪቨርሳይድ ኖሬያለሁ። ስልኬ 714 ነበር። በ1992 ነው 909 ያደረጉብን፤ አገር ቤት ላለ ዘመድ ሁሉ አዲሱን ቁጥር አስታውቅ ብዬ ስንት ካርድ እንደጨረስኩ እኔ ነኝ የማውቀው!"

ሻጩ አማርኛውን ባይሰማም ጣታቸው የት ላይ እንዳረፈ አይቷል። ስተረጉምለት ዝም አለ። ስቲከሩ በእርግጥ አሮጌ ነው፤ የ1967 ግን አይደለም። ከዚያ ወዲህ ስቲከር ሳይ ከቀለሙ በፊት አድራሻውንና ስልኩን አነባለሁ።

መኪናዋን ሊፍት ላይ የሰቀልናት ከዚያ በኋላ ነው። ከሥር ሆኜ ካምቢዮውን በመብራት ስፈትሽ፣ በጭቃና በደረቀ ግራሶ ተጋግሮ፣ ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው በአግድም የተዘረጋ አንድ ባሌስትራ አየሁ። ይሄ ዕቃ የኤምፒን ስም ካስጠሩት አንዱ ነው። የዚያ ዘመን ቮልስ የኋላ ሴምያሴዎቿ (ኃይሉን ከካምቢዮው ወደ ጎማ የሚያደርሱት ዘንጎች) የሚታጠፉት ካምቢዮው አጠገብ ብቻ ስለሆነ፣ በፍጥነት ስትጠመዘዝ ኋላዋ ይነሳና ጎማው ወደ ውስጥ ይታጠፍባታል፤ የተገለበጠ ቮልስ ታሪክ የሰማ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ባሌስትራው ሁለቱን ወገን ደግፎ ይህን ያግዳል። ብሎኖቹ ዝገው ከነ እናታቸው አንድ ሆነዋል፤ የነካው ብረት ላይ ለብዙ ዓመት ሲፈጋ የሠራው ጉድጓድ አለ። ጂቲቪ አያደርጋትም። ግን አንድ የድሮ ባለቤት ገንዘቡን ማንም በማያየው ቦታ ላይ አውጥቷል፤ የአሁኑ ሻጭ ደግሞ ከሥር ገብቶ አይቶ አያውቅም።

የምርመራው ወረቀት የከፈለው ሰው ስለሆነ ለጋሼ ሰጠኋቸው፤ የባሌስትራውን ነገርም በአማርኛ አስረዳኋቸው። ለሻጩ አልነገሩትም። የጂቲቪውን ጭማሪ አስቀንሰው በተራ የ1967 ዋጋ ገዟት። ባልደረባዬ ይሄ አልተዋጠለትም፤ ሊነገረው ይገባ ነበር ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲነጫነጭብኝ ከረመ። እኔ ሻጩን አላዘንኩለትም፤ ጽሑፍ የተላገበት ክዳን ይዞ የመጣ ሰው ነው።

ጋሼ አርማውንም ስቲከሮቹንም አስነሱ። የአሉሚኒየም ክዳኖቹ ዘይት ያንጠባጥቡ ስለነበር፣ በሽቦ መያዣ የሚታሰረውን የፋብሪካውን ቆርቆሮ ክዳን ከአዲስ ጋስኬት ጋር መለስኩላቸው። ባሌስትራውን አጠብኩት እንጂ አልፈታሁትም።