ለአንድ ሰው አይሸጥም

አናንዴልን የማያውቅ ሐበሻ ኡበር ነጂ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በሊትል ሪቨር ተርንፓይክ ግራና ቀኝ የሱቁ ጽሑፍ በአብዛኛው በኮሪያ ፊደል ነው። ዳቦ ቤቱ፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ቸርቹ ሳይቀር። እኔ በዚያ መንገድ ሦስት ዓመት ሰው ስጭንና ሳወርድ ኖሬ አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም ነበር። ኮሪያ ሲባል ትዝ የሚለኝ ገርጂ ያለው ኮሪያ ሆስፒታል ነው። እሱና እህቴ ሌሊቱን ሙሉ እያለቀሰች የምታየው ድራማ።

መጀመሪያ የገባሁት ሽንት ቤት አጥቼ ነው። ምን ይደበቃል። የካቲት ነው፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። በላውንደሪና በጥፍር ቤት መሐል የተሰነቀረች፣ ሰባት ጠረጴዛ ያላት ቤት አየሁና ሮጥኩ። ጉዳዬን ጨርሼ ዝም ብሎ መውጣቱ ነውር ሆነብኝ። ተቀመጥኩ።

ባለቤቷ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሴት ናቸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሥጋ ጥብስ ፎቶ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ እኔ አንድ ጣት፣ ወደ ፎቶው ሁለት ጣት አነሱ። ገባኝ። ጠረጴዛው ላይ የሚጠበሰው ሥጋ ለአንድ ሰው አይሸጥም። ትንሹ ትእዛዝ የሁለት ሰው ነው። በእኛ አገር ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። እዚህ ደግሞ ጭራሽ ብቻህን ከሆንክ አትበላም ማለት ነው? ከፋኝ። ሴትዮዋ ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ ሜኑው ላይ ሌላ ነገር በጣታቸው መቱልኝ። ሱንዱቡ ይባላል።

ከሱንዱቡው በፊት ግን ስድስት ትንንሽ ሳህን ደረደሩልኝ። ኪምቺ የሚሉት የተብላላ ጎመን፣ የአኩሪ አተር በቆልት፣ በሰሊጥ ዘይት የታሸ ስፒናች፣ ጣፈጥ ያለ ድንች፣ ሌሎቹን አላወቅኳቸውም። አንዱንም አላዘዝኩም። አንዱንም አልነካሁም። ሒሳብ ይመጣብኛላ! እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሙሽራ ተቀመጥኩ። ባንቻን የሚባል ነገር መኖሩን፣ ከምግቡ ጋር በነፃ እንደሚቀርብና ሲያልቅ እንደሚጨመር ያወቅኩት በሦስተኛው መምጣቴ ነው። ያቺን ማታ የተውኩትን ድንች አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ሱንዱቡው መጣ። ወንድሜ፣ ተጋቢኖ በሉት! ጥቁር የሸክላ ድስት ውስጥ፣ ከእሳት ወርዶም እየተንተከተከ፣ ቀዩን መረቅ ጠረጴዛው ላይ እየረጨ። ውስጡ ያለው ቶፉ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው፣ ገና ያልረጋ አይብ ይመስላል። ሴትዮዋ ጥሬ እንቁላል ሰጡኝና በእጃቸው የመስበር ምልክት አሳዩኝ። ሰበርኩት። መረቁ ውስጥ እያየሁት በሰለ። በርበሬው እንደኛው ወዲያው አይጋረፍም፣ ከዋጡት በኋላ ነው ቀስ ብሎ የሚመጣው። አንጀቴን አራሰው።

ሩዙ የመጣው ደግሞ በትኩስ የድንጋይ ድስት ነው። ሴትዮዋ መጥተው ሩዙን በማንኪያ ወደ ጎድጓዳ ሳህን ገለበጡልኝ። ከድስቱ ሥር ያረረውን ግን ተዉትና ሙቅ ውኃ ከነፉጨቱ ቸለሱበት፣ ከደኑት። እኔ ድስቱን ለእጥበት የዘፈዘፉት መሰለኝ። እንግዳው በልቶ ሳይጨርስ ዕቃ ማጠብ ምን የሚሉት ጥድፊያ ነው እያልኩ በሆዴ እያማሁ በላሁ። ከፍዬ ልነሳ ስል ትከሻዬን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ። ክዳኑን ከፈቱት። ያረረው ሩዝ በውኃው ርሶ፣ የቆሎ ሽታ ያለው ቀጭን አጥሚት ሆኗል። በማንኪያ አጠጡኝ ማለት ይቻላል። ለካ የምግቡ መጨረሻ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሆንኩ። ከየት እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ «ኢትዮጵያ» ስል፣ ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃን አስታውሰው እንባ በእንባ የሚሆኑ መስሎኝ ነበር። ዩቲዩብ ላይ እንደዚያ ነዋ። እሳቸው ግን «ኮፒ! ኮፒ!» አሉኝ። መታወቂያዬን ኮፒ ሊያደርጉ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ቡና ለማለት ነው። ኮሪያኖች ቡናን ኮፒ ነው የሚሉት። ወራት ቆይቶ፣ ኮሌጅ የምትማረው ልጃቸው እያስተረጎመች ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ቹንቾን በምትባለው ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት አለ። ጃንሆይ በ1968 በፈረንጆቹ ራሳቸው ሄደው ነው የመረቁት። እዚያው አጠገብ በዚያው ዓመት «ኢትዮጵያ» የሚል ቡና ቤት ተከፈተ፣ ዛሬም አለ። ሴትዮዋ በወጣትነታቸው ከአንድ ልጅ ጋር እዚያ ሄደው ቡና ጠጥተዋል። ከአሁኑ ባለቤታቸው ጋር እንዳልሆነ ልጅቷ ጮክ ብላ ስታስተረጉም በጨርቅ መቷት።

ረቡዕና ዓርብ ስመጣ «ሥጋ የሌለው» ብዬ አዛለሁ፣ እንቁላሏን በትሕትና እመልሳለሁ። ቶፉ፣ አትክልት፣ ሩዝ። ከዚህ የተሻለ የፆም ምግብ ከየት ይመጣል? ሁለት ዓመት እንዲህ ኮርቼ ኖርኩ።

እናቴ መጣች። የመጣችው በሁዳዴ ነው። «የፆም ምግብ ያላቸው ፈረንጆች አግኝቻለሁ» ብዬ ይዣት ሄድኩ። ለእማዬ ከሐበሻ ውጭ ያለው ሁሉ ፈረንጅ ነው። ልክ ስንቀመጥ ልጅቷ ከጓዳ «ኦማ!» ብላ ተጣራች። «ወይዬ» አለች እናቴ። ኮሪያኖችም እናትን ኦማ ነው የሚሉት፣ ከእኛ እማ ስንዝር አይርቅም። ልጅቷ በሳቅ ሞተች።

ሳቁ እዚያ አለቀ። እማዬ ዘይቱን፣ ቅቤውን፣ ወተቱን አንድ በአንድ በእኔ አስተርጓሚነት መረመረች። ልጅቷም ታማኝ ናት፣ ምንም አልደበቀችም። የሱንዱቡው መረቅ ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። ኪምቺውስ? ጎመኑ በጨው ያድራል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በርበሬ ይገባበታል፣ ከዚያ በጨው የተብላላ ሽሪምፕ፣ ትንንሽ የባሕር እንስሳ። ሽሪምፕ! እናቴ ደግሞ ዓሣም ፍስክ ነው ከሚሉት ወገን ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ስንት ሳህን ኪምቺ እንደጠረግኩ በልቤ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

«ሳታውቅ ነው፣ እግዜር ይቅር ይልሃል» አለችኝ። ትንሽ ዝም አለችና «ካሁን ወዲያ ግን አውቀሃል» አለች።

ልጅቷ ልታጽናናኝ ብላ አገራቸው ያሉ የቡድሃ መነኮሳት ሥጋና ዓሣ ቀርቶ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ እንደማይበሉ ነገረችን። እማዬ ይሄን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወጡን በምን ያጣፍጡታል?» እሷ ያቺን ማታ ነጭ ሩዝ በበቆልትና በስፒናች በላች። ስፒናቹን ሦስቴ አስጨመረች።

ዋናው ቀን ዳግማይ ትንሣኤ ሆነ። ሁለት ሰዎች ነና! በሩን ከፍቼ ገና ሳልቀመጥ ፎቶውን አሳየኋቸው፣ ሁለት ጣት። እማዬ «የአሳማ እንዳይሆን» አለች። በሬ መሆኑን ለማረጋገጥ ሴትዮዋ ሁለት ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ እንደ ቀንድ አቁመው «ሙ!» አሉ። እማዬ ሥጋው ላይ አማተበችና ምድጃው ተለኮሰ።

የጎድን ሥጋው ሊያር ሲል ሴትዮዋ መቀስ አወጡ። የኩሽና መቀስ። ሥጋውን በመቆንጠጫ አንጠልጥለው ቀጭ ቀጭ ቀጭ። «በመቀስ!» አለች እማዬ፣ «የልብስ ሰፊ ቤት ነው እንዴ?» ሁለተኛው ሥጋ ሲመጣ ግን መቀሱን ተቀብላ ራሷ ቆረጠች። አሁን አዲስ አበባ ዶሮ ሳይቀር በመቀስ እንደምትገነጥል እህቴ ነግራኛለች።

ከዚያ ሴትዮዋ የሰላጣ ቅጠል መዳፋቸው ላይ ዘረጉ። ሥጋ፣ ትንሽ ሩዝ፣ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ከላዩ ከአኩሪ አተርና ከበርበሬ የሚሠራውን ማጣፈጫ ጠብ አደረጉበት። ጠቅልለው ለእማዬ አፏ ድረስ አመጡላት። ግራ እጃቸው የቀኝ ክንዳቸውን ደግፏል፣ ልክ እኛ ትልቅ ሰው ስንጨብጥ እንደምናደርገው። እማዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቅጠሉን አየች። «ይሄማ ጉርሻ ነው!» ጎረሰች። አንዴ ነው የሚጎረሰው፣ ገምሶ መመለስ የለም።

ተራዋ ደረሰ። ጠቀለለች። የእሷ ጉርሻ የሠርግ ቤት ጉርሻ ነው፣ ሰላጣው ሊፈነዳ ደርሷል። ሴትዮዋ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር እየሳቁ አላመጡ። ሳይውጡ ሁለተኛው ቀረበ። «አንድ ያጣላል በላት» አለችኝ እማዬ። አስተረጎምኩ። ልጅቷ ለእናቷ ስትነግር የጎን ጠረጴዛ ላይ ያሉ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። እሳቸውም ሁለት ደረሳቸው።

እማዬ በሐምሌ ተመለሰች። ባለፈው ረቡዕ ማታ ገባሁ። ሴትዮዋ ከኋላዬ በሩን አዩ። «ኦማ?» «አዲስ አበባ» አልኳቸው። አንድ ጣት አነሱ። እኔም አንድ ጣት አነሳሁ።

ሱንዱቡው እየተንተከተከ መጣ፣ ከጎኑ እንቁላሏ። መረቁ የምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። እንቁላሏን ግን መለስኩ።