የገዳዩ ስም በለውዝ መጠቅለያ

ከሐዋሳ የመጣሁት ለሰነድ ጉዳይ ነበር። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተመለስ» ስባል ከለገሃር ሽቅብ ወደ ብሔራዊ ቴአትር በእግሬ አዘገምኩ። ባቡር ጣቢያው ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ራሱ የስርቆት ታሪክ አለው፤ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ጎራዴውን የመዘዘውም እዚያው እሱ በቆመበት ነው። ሌባው የታወቀ ስለሆነ ግን መርማሪ አያስፈልገውም።

ከቴአትሩ አለፍ ብሎ አንድ አዛውንት አሮጌ መጻሕፍት ዘርግተዋል። ሽፋኑ ላይ የጎልፍ ኳስና የደም ጠብታ ያለበት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አንስቼ፣ ዋጋ ተከራክሬ፣ ማኪያቶ አዝዤ ቁጭ አልኩ።

አንድ ቱጃር 17ኛው ጉድጓድ አጠገብ አሸዋው ውስጥ ተደፍቶ ይገኛል። አናቱን በጎልፍ ዱላ ተመቷል። ተጠርጣሪዎቹ ሚስቱ፣ የክለቡ ሻምፒዮን፣ የሻምፒዮኑ ቦርሳ ተሸካሚና ጎልፍ የሚባል ነገር ነክቶ የማያውቅ ጠበቃ ናቸው። መርማሪዋ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ የሻምፒዮኑን ቦርሳ ስትፈትሽ 15 ዱላ ትቆጥራለች። ደራሲው እዚህ ላይ ብልጥ ነው። የጎልፍ ሕግ ለአንድ ተጫዋች ከ14 ዱላ በላይ አይፈቅድም፤ ትርፍ የያዘ የቅጣት ምት ይጨመርበታል።

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰብስባ «ገዳዩማ» ስትል ገጽ 212 አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ተገንጥሏል!

«አባባ፣ መጨረሻው የለም እኮ!»

«ልጄ፣ እኔ እጅ የገባው እንዲሁ ሆኖ ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ጎን ሸሸ። አጠገባቸው አንድ ልጅ ለውዝ በወረቀት እየጠቀለለ ይሸጣል። ጠጋ ብዬ ባይ በጨው የወዛ ገጽ 215። ያለውን ጥቅል በሙሉ ገዛሁ። መርማሪዋ ስለ ገዳዩ «ከመጀመሪያው ቀን ጠርጥሬው ነበር» ትላለች፤ ስሙን አትጠራም። ወንድ መሆኑ ታወቀ፣ ሚስቲቱ ነጻ ወጣች።

«213ስ የታለ?»

«ያ ሰውዬ ወስዶታል፣ ጋሼ። የሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ የገባው።»

በጎልፍ የጠፋች ኳስ የምትፈለገው 3 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ድረስ 5 ነበር። እኔ ያንንም አላገኘሁ፤ ታክሲው ሞልቶ ወጣ።

አዛውንቱ «ሻምፒዮኑ ነው» ብለው ድርቅ አሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ ስል ሞገትኳቸው፦ ሻምፒዮኑም ተሸካሚውም 14ን እንደ ስማቸው ያውቋታል፤ 15ኛዋን እዚያ ሻጥ አድርጎ የሚሄድ ሕጉን የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ጠበቃው!

«ጠበቃ ሆኖ ሕግ ሳያውቅ?» ብለው ከት ብለው ሳቁና ከለውዜ ዘገኑ።