መጽሐፉ ከደራሲው ይቅደም

አዲስ አበባ ውስጥ ለመጽሐፍ ብሎ የሚሰበሰብ ሰው የለም የሚል ካለ፣ ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ሲቀርብ ወንበር አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ የሚያዳምጠውን ወጣት አላየም ማለት ነው። ወመዘክር አዳራሽ ሚዩዚክ ሜይዴይ የተባለው የኪነ ጥበብ ድርጅት ያዘጋጅ በነበረው የመጽሐፍ ውይይት ላይም ተቀምጦ አያውቅም። እኔ ከአገር ከመውጣቴ በፊት እሑድ ከሰዓቴን የማሳልፈው እዚያ ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከውጭ መጥቼ አገሬ አታነብም ብዬ ለመውቀስ አይደለም። ዲሲ ልጄ ትምህርት ቤት ያየሁት አንድ አሠራር አለ፤ ዘንድሮ ለፋሲካ ስመጣ ፒያሳ አካባቢ ሞከርነው፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፔን ፎክነር የሚባል ለትርፍ ያልቆመ የሥነ ጽሑፍ ድርጅት አለ። ስሙን ያገኘው ከደራሲው ከዊልያም ፎክነር ነው፤ ፎክነር ካገኘው የኖቤል ሽልማት ገንዘብ ከፊሉን ለጀማሪ ጸሐፊዎች ማበረታቻ አውሎታል። ድርጅቱ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተቋቋመው የልቦለድ ሽልማቱ ይታወቃል፤ ዳኞቹም ራሳቸው ልቦለድ ጸሐፊዎች ናቸው። እኔ ግን ያወቅኩት በልጄ ቦርሳ በኩል ነው። አንድ ቀን ጠርዙ ያልታጠፈ አዲስ መጽሐፍ አውጥቶ «የራሴ ነው፤ ስሜን ልጻፍበት?» አለኝ። ለክፍሉ ልጅ ሁሉ አንድ አንድ ተሰጥቷል፣ በነፃ። ከአስተማሪያቸው ጋር አንብበው ሲጨርሱ ደራሲዋ ራሷ ክፍላቸው ትመጣለች።

ልጄ ያን ሰሞን እራት ላይ የሚያወራው ስለሌላ ነገር አልነበረም። የሚጠይቃትን ጥያቄ እየጻፈ ይሰርዛል። እኔን የገረመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጽሐፉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ደራሲዋ ኋላ ትመጣለች። ታሪኩን የጨረሰ ልጅ ደራሲ ፊት ሲቆም አያፍርም፤ የሚያውቀውን ነው የሚጠይቀው።

የእኛን አገር የመጽሐፍ ምረቃ አስቡት። እኔ እወደዋለሁ፤ ሞቅ ያለ ነው፣ ሰው ለደራሲው ብሎ ከዋጋው በላይ ከፍሎ ይገዛል። ግን መጽሐፉን የምናገኘው በር ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያነበቡት ዳሰሳ አቅራቢውና የደራሲው ጓደኞች ብቻ ናቸው። ሌላው ያጨበጭባል፣ አስፈርሞ ይሄዳል። ደራሲው ያን ቀን ከአንባቢ ጋር ተገናኘ ማለት ይከብደኛል።

ፒያሳ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት አማርኛ የሚያስተምር የድሮ የክፍል ጓደኛ አለኝ። ሐሳቡን በስልክ ነግሬው ነበርና ከመምጣቴ በፊት መጽሐፉን መረጠ፦ ከገጠር መጥቶ ሊስትሮ ስለሚሆን ልጅ የሚተርክ አጭር ልቦለድ። ለአርባ ምናምን ተማሪ የሚበቃ ቅጂ መፈለግ የእኔ ድርሻ ሆነ። ለገሃር የገባሁበት መደብር አምስት ብቻ ነበረው። ጀርባው ላይ ከታተመው ዋጋ በላይ አዲስ ዋጋ ተለጥፏል፤ የወረቀት መወደድ መጽሐፍን ምን እንዳደረገው እዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ይታያል። ባለ መደብሩ ለምን ብዙ እንደፈለግኩ ጠየቀኝ። ስነግረው ስልኩን አንስቶ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን፣ አራት ኪሎ ያሉትን፣ ጀርባቸው ላይ መጽሐፍ ቆልለው የሚዞሩትን ሁሉ ደወለላቸው። በማግስቱ ቅጂዎቹ በሲባጎ ታስረው ጠበቁኝ። «እህቴ፣ ለልጆች ከሆነ ትርፌን ትቼዋለሁ» አለ። ሂሳቡ ላይ ልጨምርለት ብልም እሺ አላለም።

መጽሐፉ ሲታደል ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ጥቂቶቹ ወዲያው የመጨረሻውን ገጽ ከፈቱ፤ አንዱ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አሸተተው። ከሁለት ቀን በኋላ ስመለስ አብዛኛው በጋዜጣና ባለፈ ዓመት ካላንደር ተሸፍኖ ስም ተጽፎበታል። መምህሩ በየቀኑ ከክፍለ ጊዜው ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ቀንሶ ያስነብባቸው ነበር፤ ቤት የጨረሱት ግን ብዙዎች ናቸው።

ደራሲው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ሥራቸውን ለንባብ ካበቁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ንግግር አዘጋጅተው መጥተው ነበር። መምህሩ ከሰላምታ በኋላ ቀጥታ ወደ ጥያቄ ሲገባ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ከኋላ ወንበር ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ ልጁ ከተማ ከገባ በኋላ እህቱን አንዴም አላነሳትም። እሱ ረስቷት ነው ወይስ እርስዎ ነዎት የረሷት?» አለች።

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ የረሳኋት» አሉ። ቀጥለውም «አንቺ ብትጽፊው እህቱን ምን ታደርጊያት ነበር?» ብለው ጠየቋት። «ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር፤ ግን አድራሻውን ስለማታውቅ አትልከውም፣ ታስቀምጠዋለች።» ደራሲው ማስታወሻቸውን አውጥተው ይህችን ነገር ሲጽፏት አይቻለሁ። ሌላው ልጅ አንድ መጽሐፍ ሲሸጥ ለእሳቸው ስንት እንደሚደርሳቸው ጠየቀ። ጠመኔ ተቀብለው ሰሌዳው ላይ የማተሚያ ቤቱን፣ የአከፋፋዩን፣ የመደብሩን ድርሻ አንድ በአንድ እየቀነሱ አሳዩት፤ የተረፈችውን ቁጥር ሲያዩ ክፍሉ ጸጥ አለ። ደወሉ ሲደወል የተነሣ ልጅ አልነበረም። ስንወጣ ደራሲው እጄን ይዘው፣ በብዙ መድረክ መሞገሳቸውን፣ የጻፉትን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ግን እንዲህ በአንድ ክፍል ሞልቶ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

ሽልማት ላይም የምለው አለኝ። በእኛ አገር የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አዲስ ነገር አይደለም፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በ1966 እ.ኤ.አ. ሲቀበል ገና የ29 ዓመት ወጣት ነበር። ያ ሽልማት ከአብዮቱ ጋር ቀረ። በ2009 ዓ.ም. ሆሄ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲጀመር በርቀት ሆኜ ደስ ብሎኛል፤ የልጆች መጽሐፍም በዘርፍ ተይዞ መሸለሙ ይበልጥ አስደስቶኛል። አሁን የምመኘው የተሸለመው መጽሐፍ በማግስቱ የት እንደሚገባ አብሮ እንዲታሰብ ነው። ፔን ፎክነር ሸላሚም ነው፣ ትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚያደርስም ነው። ሁለቱ አንድ ቤት ሲሆኑ ዋንጫው ከመድረክ ወርዶ ልጅ እጅ ይደርሳል።

ከውጭ ተመልሶ ይህን ሥራ የጀመረ ደግሞ ከእኛው መካከል አለ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ተሰደው ሳንፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኑ፤ በስንት ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ እያለ የኢትዮጵያ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ የሚያነቡት አጡ። ተመልሰው በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ አዞሩ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው። ከአሜሪካ በእርዳታ የተገኘ መጽሐፍ አምጥተዋል፤ ግን በዚያ አላቆሙም፣ በአማርኛም አሳትመዋል። ለእኔ ትልቁ ሥራቸው ይህ ነው።

አራት ኪሎ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አብርሆትን የሚያክል ቤተ መጻሕፍት አለን። ቦታ ጠፋ ማለት አንችልም። ደራሲዎቹም እዚሁ ከተማ ናቸው፤ ፒያሳ ድረስ የመጡት አዛውንት የጠየቁን የታክሲ እንኳ አልነበረም።

ከዲሲ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያ ለእረፍት የምትመጡ ወገኖቼ፣ ሻንጣችሁን ልጆቻችሁ ባደጉበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አትሙሉት። ገንዘቡን ይዛችሁ ኑና ለገሃር ወይም አራት ኪሎ ግዙ፤ ደራሲውም፣ ባለ መደብሩም፣ ልጁም ይጠቀማል። መጽሐፉን መምህሩ ይምረጠው፤ ተማሪዎቹን የሚያውቃቸው እሱ ነው። ቅጂው ለየልጁ አንድ ይሁን፣ ተመላሽም አይሁን። ደራሲውን ከመጋበዛችሁ በፊት ለልጆቹ ማንበቢያ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ስጧቸው። እኔና ጓደኛዬ ለሚቀጥለው ፋሲካ ሁለተኛ መጽሐፍ መርጠናል፤ በዚያው ትምህርት ቤት ሌላ ክፍል ለመጨመር የሚረዳን ሰው እንፈልጋለን፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ጻፉልኝ።