የገና ፎርም

የምሠራበት ዌርሃውስ የፌዴራል መንግሥት ኮንትራት ስላለው ነገሩ ቶሎ ነው የደረሰብን። ጃንዋሪ 2025 ትራምፕ፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 የመንግሥት ኮንትራት ያላቸው ድርጅቶች በዘርና በሃይማኖት ሳያዳሉ እንዲቀጥሩ ያወጡትን ትዕዛዝ ሰረዙት፤ ብዙም ሳይቆይ የአፍሪካውያን ሠራተኞች ቡድናችን መዘጋቱን የሚገልጽ ኢሜይል መጣ። ብሬክ ሩም የተሰቀለው፣ በሐበሻ ልብስ የተነሣነው ፎቶም ወረደ። እውነት ለመናገር ግድ አልሰጠኝም። ቡድኑ ለኔ ፒዛና ቲሸርት ነበር፤ በሱ ምክንያት ደሞዝ የተጨመረለት ሰው አላየሁም።

የከነከነኝ ዲሴምበር ላይ የሆነው ነው። እኛ በፈረንጆቹ ገና እንገባለን፣ እነሱ ደግሞ በኛ፤ የቆየ ልማድ ነው። ሺፍቱን ላስቀይር ኤችአር፣ ማለትም የሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ልጅ የኛው ናት። ለፎቶው ጎትታ ያሰለፈችንም እሷው ነበረች።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ቀረ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

«ከየትኛው ፕሮግራም?»

«ከዳይቨርሲቲው፣ ከብዝኃነቱ ነዋ። እንደዚያ ያለ ነገር እንዳትነኩ ተብለናል።»

ከጀርባዋ የቡና ረከቦታችን አለ። የፕሪንተር ወረቀት ተከምሮበታል። እሱን ሳይ ነው መሰለኝ ደሜ የፈላው።

«ስሚኝ ልጄ፣ የበዓል ጥያቄ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፤ እሱን ማንም አልሰረዘውም። እንዲያውም በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ባለ ፖስተኛ ጉዳይ አጥብቆታል። አሠሪ እምቢ ለማለት ከባድ ወጪ እንደሚያመጣበት ማሳየት አለበት፤ አይመቸኝም ማለት ብቻ አይበቃውም።»

ይህን ያስረዳን ጠበቃ የመጣው ያው በፒዛው ቀን ነው። እሷም እዚያው ነበረች፤ እንዲያውም ፒዛውን ያዘዘችው እሷ ናት።

በሩን አየት አደረገችና ድምጿን ቀነሰች። «በጽሑፍ ያምጡልኝ ጋሼ። ግን ለየብቻችሁ ይሁን፤ ተሰባስባችሁ እንዳትፈርሙ።»

ለየብቻ ጻፍን፣ ተፈቀደልን። ሪሲቪንግ ላይ በበጋ የተቀጠሩት ልጆች ግን ጃንዋሪ 7 ሙሉ ቀን ፓሌት ሲያወርዱ ዋሉ። ለምን አልጠየቃችሁም ብላቸው «ቡድኑ ተዘግቷል አሉን» አሉኝ። ማን እንዳላቸው አልጠየቅኳቸውም።

የኤችአሯ ልጅ ያን ቀን አልገባችም። ፎርሙን ከሁላችንም ቀድማ ሞልታ ነበር አሉ።